ፈተና ማብዛት ማንበብ አያስተምርም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ደብረ ብርሃን ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ልከውልኛል። መንዝ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼም ልከውልኛል። ስለ አገራችን ሥርዓተ ትምህርትና ስለ ተማሪዎች ምዘና የሚያወራ ነው። ጥሩ ተጽፏል፣ ቁጣውም ከልብ ነው። ይህን ያህል ወላጅ «እውነት ነው» እያለ የተቀባበለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን መደምደሚያው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀን ወደ መመሪያ ቢቀየር ደግሞ የሚጎዳው እኔ የማስተምረውን ዓይነት ልጅ ነው። ስለዚህ ምላሽ ልጽፍ ተነሳሁ።

ላላነበባችሁት የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የድሮው ትምህርት ጥሩ ነበር፤ ሚኒስትሪና ማትሪክ የተባሉት አገር አቀፍ ፈተናዎች ሰውን አንጥረው ያወጡ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሲመጣ ልጆች ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል እንዲሁ እያለፉ ስንፍና ለመዱ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ እንግሊዝኛቸውን ገደለው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በሥዕልና በሙዚቃ ጊዜ ያባክናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምርና ኩረጃው ሲቀንስ፣ ከመቶ 3 ተማሪ ብቻ ማለፉ ጉዱን አወጣው። መድኃኒቱም ብሔራዊ ፈተናን ወደ ታች ማውረድ ነው፤ በ3ኛ፣ በ6ኛ፣ በ8ኛና በ10ኛ ክፍል መፈተን፣ የወደቀውን ሁሉ ማስደገም። ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍትሐዊ ነው፤ ጦርነትና ድህነት ሰበብ መሆን የለባቸውም።

እንግዲህ በየተራ እንየው።

የድሮው ትምህርት ላይ ብዙ አልቆይም። የዚያ ዘመን 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ሰው እንግሊዝኛውን አጣርቶ ይጽፍ እንደነበር አልክድም። ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው በየገጠሩ ያስተማሩ ሰዎችን እኛም አግኝተናቸዋል፤ የእጅ ጽሑፋቸው ብቻ ያስቀና ነበር። ጥያቄው ግን ስንቱ ነበር የሚማረው የሚለው ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ራሱ ያኔ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ከ22 በመቶ በታች እንደነበር ጽፏል። ከ10 ልጅ 8ቱ ደጁንም አልረገጠም ማለት ነው። ያኔ ከብት ሲጠብቅ የዋለው ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ተመርጠው የገቡትን ጥቂቶች ከዛሬው ሁሉም ልጅ ጋር አነጻጽሮ «ትውልዱ ሰነፈ» ማለት ሚዛን የሳተ ፍርድ ነው።

ወደ 3 በመቶው ልምጣ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። ኩረጃው እውነት ነበር። በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው በሙሉ መሰረዙን ሁላችንም እናስታውሳለን። ፈተናው በስልክ ይሸጥ ነበር። ጎበዙ ተማሪ ሌሊቱን ሲያጠና ቆይቶ፣ መልስ ከገዛው ጓደኛው በታች ውጤት ሲያመጣ ዓይናችን እያየ አልፏል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መግባቱ ይህን በእጅጉ ቀንሶታል። ማለፊያው 50 መሆኑንም አልቃወምም። እንዲያውም 50 ከፍተኛ ቁጥር አይደለም። ፈተናው በሙሉ ባለ 4 አማራጭ ምርጫ ነው። ከ100 ጥያቄ 33ቱን በትክክል የሚያውቅ ልጅ ቀሪውን 67 በግምት ቢያጠቁር እንኳ 16 ወይም 17 ይጨምርለታል፤ 50 አካባቢ ደረሰ። ስለዚህ «ማለፊያው ይቀነስ» የሚሉትን አልደግፍም።

ግን ያ ቁጥር ጸሐፊው የሚሉትን ያረጋግጣል ወይ? የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ሲቀመጡ 896,520 ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነበር። ጸሐፊው ይህን ካለፉት ዓመታት ጋር አወዳድረው «ያኔ የነበረው ሁሉ ኩረጃ ነበር» ይላሉ። ማወዳደሪያው አንድ አይደለም። ድሮ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ የሚቆረጠው ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት ልክ ነበር፤ ቦታው ሲሰፋ ነጥቡ ይወርዳል። ሌላም አለ። ቀደም ሲል 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተጣርቶ ያለፈው ብቻ ነበር። የ10ኛው ፈተና ከቀረ በኋላ ያ ወንፊት የለም። በ10ኛ ክፍል ወንፊት ያለፈውንና በዚያ ያልተጣራውን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመቶኛ ማወዳደር አያስኬድም።

ከዚያ ወዲህ ያለውንም እንይ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ጸሐፊው ይህን ጭማሪ «ፈተናው እያስጠናቸው ነው» በማለት ለሐሳባቸው ማስረጃ ያደርጉታል። መሻሻሉ ደስ ይላል፣ አላንቋሽሸውም። ግን በነዚህ ዓመታት የተፈታኙ ቁጥርም ከ896,520 ወደ 585,882 ወርዷል። ያለፉት በቁጥር ከ29,909 ወደ 48,929 ስላደጉ እውነተኛ ጭማሪ አለ። ከመቶኛው ዕድገት የተወሰነው ግን አካፋዩ፣ ማለትም የተፈታኙ ቁጥር፣ ስለቀነሰ የመጣ ነው። ለፈተና ሳይቀመጡ የቀሩት ልጆች የት እንዳሉ ጽሑፉ አያነሳም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ደግሞ ይህ ነው። በ2015 ተፈታኝ ካስቀመጡት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ጸሐፊው ቁጥሩን ጠቅሰው «የልጆቹ ስንፍና ማሳያ» ይሉታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ስንፍና የሰው ጠባይ ነው፤ በየቤቱ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰነፍም ጎበዝም ይኖራል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ባዶ ሲወጣ፣ ያውም ከ10 ትምህርት ቤት 4ቱ፣ ምክንያቱን ልጆቹ ጠባይ ላይ መፈለግ ዋጋ የለውም። እዚያ ግቢ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ።

የጎደለው ምንድነው ወደሚለው ልግባ፤ ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው።

ጸሐፊው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል እንዲሁ ማለፍ ጎድቶናል ይላሉ። ጉዳቱን በተመለከተ ልክ ናቸው። ፊደል ሳይለይ 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። በፖሊሲው ግን «ማለፍ» ብቻውን አልነበረም። መምህሩ ልጁን በተከታታይ እየመዘነ የደከመበትን እየለየ ይረዳዋል፤ ስለዚህ መድገም አያስፈልገውም የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ማለፉ ብቻ ተረፈ፣ መርዳቱ ጠፋ። ተከታታይ ምዘና የተባለውም ነጥብ መልቀሚያ ሆነ። ከ5 የክፍል ሥራ፣ ከ5 የቤት ሥራ፣ ከ10 ቴስት፣ ከ10 የቡድን ሥራ፤ ድምሩ ሮስተር (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ላይ ይሰፍራል፣ ካርድ ይወጣል። 70 ልጅ ያለበት ክፍል የምታስተምር መምህርት ይህን ሁሉ አርማ፣ መዝግባ፣ ለሱፐርቫይዘር አሳይታ፣ የትኛው ልጅ የትኛውን ፊደል እንደማያውቅ ለማየት ጊዜ አይተርፋትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ልጅ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። መጽሐፉን ገለጠ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ምንባቡን አንድም ሳያደናቅፈው እስከ መጨረሻው ወረደው። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። እኔ ግን ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር፤ የገለጠው ሌላ ገጽ ነው። ከላይ ያለው ሥዕል የጤፍ አጨዳ ነው፣ እሱ የሚያነበንበው ስለ ጥንቸል ነው። በጣቴ አንዱን ቃል ነክቼ «ይህ ምን ይላል?» ስለው ዝም አለ። ከቃሉ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ጠየቅሁት። እሱንም አላወቀውም። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። አንድን ሙሉ ገጽ ሲሰማ ብቻ ሸምድዶ የያዘ ልጅ ጭንቅላቱ ስል ነው። ካርዱ ላይም ከክፍሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ያለ ደረጃ ተጽፎለታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ለብቻው አላስነበበውም።

የእኔ ገጠመኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ውጤቱ ታትሟል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። በ2002 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሳይደግም ከሄደ፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2012 ነው። ተከታዮቹ ደግሞ ያ 3 በመቶ የወጣባቸው ናቸው። ውጤቱ በጥቅምት 2015 አዳራሽ ውስጥ አልተፈጠረም። ልጆቹ ገና የወተት ጥርሳቸውን ሳይጨርሱ ተነግሮን ነበር።

እንዲያውም ከዚያ በፊትም ተነግሮናል። ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በናሙና የሚመዝን አገር አቀፍ ጥናት አለ። የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 47.9፣ በ1996 48.5፣ በ2000 ደግሞ 40.9 ነበር። ፖሊሲው የሚጠብቀው 50 ነው። እንግዲህ ጸሐፊው «ወደ ታች ወርደን ብንፈትን ኖሮ ቀድመን እናውቅ ነበር» ሲሉ መልሴ አጭር ነው፤ ወርደን ፈትነናል፣ ቀድመንም አውቀናል። ያልሆነው ከማወቅ በኋላ ያለው ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናም ቢሆን ዛሬ በክልል ደረጃ አለ። ጎድሎናል የሚሉት ነገር እጃችን ላይ ነው።

ታዲያ ያን የ3ኛ ክፍል ልጅ ብሔራዊ ፈተና ብንሰጠው ምን እናገኛለን? ይወድቃል። ይደግማል። ሲደግም የሚያገኘው ያንኑ 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል፣ ያንኑ ለሦስት የሚካፈሉትን መጽሐፍ፣ ያችኑ ጊዜ ያጣች መምህርት ነው። እርዳታ ሳያገኝ የደገመ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ምን አዲስ ነገር ሊያገኝ ነው? ወላጁስ? መንዝ ውስጥ ያለ አባት ልጁ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ላይ ከተቀመጠ «በግ ይጠብቅልኝ» ይላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ዕድሜዋ ገፋ ተብሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከክፍሉ በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ ያፍራል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ከዚያ መምጣቱን ይተዋል። የወደቀውን ሁሉ ማስደገም የሚሉት ሐሳብ ባገራችን መንደር ሲተረጎም ማባረር ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው ጻፉት ብዬ አላምንም።

ፈተና ሲበዛ ደግሞ ማስተማሩም መልኩን ይለውጣል። የ8ኛ ክፍል መምህር የሁለተኛ ሴሚስተሩን ገሚስ ያለፉ ዓመታትን ጥያቄ ፎቶኮፒ እያስነሳ ሲያሠራ ይውላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የሚለካበት በዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወደ 3ኛ ክፍል ስታወርደው ልጁ ከማንበቡ በፊት «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ማጥቆር ይለምዳል። አስቡት፤ አንድ ተማሪ 12 ዓመት ተምሮ ከፍተኛ ትምህርት ሲገባ፣ አገር አቀፍ ፈተናው በገዛ ቃሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ አላስጻፈውም። ምርጫ ብቻ ነው። ስለ ምዘና የምንቆጣ ከሆነ ለእኔ የሚያስቆጣው ይህ ነው።

ምዘና ከማስተማር ጋር አብሮ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ የቄስ ትምህርት ቤት ገብታችሁ የኔታን ተመልከቱ። ልጁ ስንደዶውን ይዞ ፊደሉን እየነካ ይቆጥራል። የኔታ የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ ለብቻ ይሰማሉ፤ እሳቸው ባይደርሱ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ይሰማለታል። ሀሁን ሳይጨርስ አቡጊዳ የለም። ግዕዝ ንባብ ሳይበቃው ወደ ውርድ ንባብ፣ ውርዱ ሳይበቃው ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም፤ ሦስቱም የንባብ ደረጃዎች ናቸው። ማንም ግን «ወደቅህ» ተብሎ አይባረርም። የተሳሳተበት ቦታ ወዲያው ይታረማል፣ ነገ እዚያው ላይ ይጀምራል። ይህ ትምህርት ድክመት የለውም አልልም፤ ሽምደዳው ይበዛል፣ ትርጉሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዱላውም ነበር። ሆኖም በዚህ መንገድ አልፎ ፊደል የማይለይ ልጅ አላገኘሁም። ያለ ብሔራዊ ፈተና፣ ያለ ሮስተር።

የቋንቋው ጉዳይ። ጸሐፊው በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር እንግሊዝኛን ገደለው፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ይጀመር ይላሉ። እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከ1ኛ ክፍል መሰጠት የጀመረው እኮ በዚያው በሚኮንኑት ፖሊሲ ነው። እየተሰጠ ነው ይህ የሆነው። የእኛ ልጆች ማንበብ ያቃታቸው ደግሞ በመጀመሪያ አማርኛውን ነው፤ እናታቸው በምትናገረው ቋንቋ የተጻፈውን። በራሱ ቋንቋ ማንበብ ያልቻለን ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ጀምር ብትለው ችግሩን እጥፍ ታደርግበታለህ። ትምህርት ሚኒስቴር አሠርቶት በ1999 አካባቢ የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናትም ያገኘው ይህንኑ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ 8ኛ ክፍል የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሊያነሱት የሚገባ፣ ነገር ግን ያላነሱት እውነተኛ ችግር አለ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚዘለለው ገደል ነው። ልጁ ሒሳብና ሳይንሱን በአማርኛ ሲማር ቆይቶ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዛወራል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከአማርኛ ትምህርት በቀር ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ኖቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይነገራል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። አንድ ተማሪዬ የተክል ምግብ አሠራርን በአማርኛ ስጠይቀው ከውኃው እስከ ፀሐዩ አብራርቶ ነገረኝ። ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሳቀርብለት ሳተው። ፈተናው ባዮሎጂውን ለካ ወይስ እንግሊዝኛውን? መሸጋገሪያው ቀስ እያለ፣ ለዚያ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት እየቀደመው ቢሄድ ጸሐፊውና እኔ የምንስማማ ይመስለኛል።

ሥዕልና ሙዚቃውን ቶሎ ልለፈው። የክወናና ዕይታ ጥበባት መጽሐፍ መጥቶ መምህሩ አልመጣም፤ ክፍለ ጊዜ ያነሰው መምህር ሁሉ እየተሰጠው ነው የሚያስተምረው። ይህን ቅሬታ እጋራለሁ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ራሳቸው ዘግይተው፣ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ሆነው ቀድመው ደርሰውናል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ፒዲኤፍ ምን ያደርጋል? ነገር ግን በሳምንት የሚሰጡ ጥቂት የጥበባት ክፍለ ጊዜዎች የልጁን ሒሳብ በሉበት ማለት የተጋነነ ነው። የ1ኛ ክፍል ልጅ እጁ እርሳስ የሚለምደው በመሳል ነው። በመዝሙር ፊደል ያስጠናች መምህርት ትርፉን ታውቀዋለች።

የመጨረሻው ነጥብ ያንገበገበኝ ነው። «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፣ ጦርነት ሰበብ አይሁን» የሚለው።

በጥቅምት 2015 ለፈተና የተቀመጠ የአጣዬ ወይም የሸዋ ሮቢት ተማሪን እንውሰድ። 10ኛ ክፍል እያለ በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። 11ኛ ክፍል እያለ፣ በ2013፣ አጣዬ ተቃጠለች። 12ኛ ክፍል ገብቶ ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። ቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን ተፈናቀለ። ሲመለስ ወንበሩ ተሰባብሯል፣ ቤተ ሙከራው ተዘርፏል፣ መጽሐፉ የለም። ከዚያ ከአዲስ አበባ ደህና የግል ትምህርት ቤት ከመጣው ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ፊት ተቀመጠ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ በነበረው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ፣ ስንት መምህር እንደተፈናቀለ የምታውቁት ነው። ምንጃር ላይ ወይም መርሐቤቴ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ሳይማር የቀረ ልጅ ጎረቤታችሁ አለ።

ወረቀቱ አንድ መሆኑ ፍትሕ የሚሆነው ወደ ወረቀቱ የሚወስደው መንገድ ሲቀራረብ ነው። ይህን ስል ለእኛ ልጆች ቀላል ፈተና ይሰጥ እያልኩ አይደለም። ያልተማረውን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ማድረግ ለማንም አይበጅም። እያልኩ ያለሁት ውጤቱን ስታነብ ሰበብና ምክንያትን ለይ ነው። ተማሪው ሳያጠና ቀርቶ «መብራት ጠፋብኝ» ቢል ሰበብ ነው። ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሳይከፈት መቅረቱ ምክንያት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ሰበብ» ብሎ መጥራት በነዚያ ልጆች ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው። ለወደቁት የተጀመረው የሪሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርትም ይህን ልዩነት ስላመነ የመጣ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው «ለሰነፍ ሽልማት» ሲሉት አዝኛለሁ። እኔ በሪሚዲያል ገብተው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ደህና የሚሄዱ ልጆች አሉኝ።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ «ፈተና የማትፈልጉ ሌላ ምን ሐሳብ አላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ፈተና አንፈልግም አላልንም። የ12ኛው ይቀጥል፣ ጥብቅነቱም ይቀጥል፤ የሚያስጽፍ ክፍል ይጨመርበት። ከታች ግን የምፈልገው ሌላ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል እያንዳንዱን ልጅ መምህሩ በየሴሚስተሩ ለብቻው ያስነብበው። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለ70 ልጅ ወደ ስድስት ሰዓት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከፋፍሎ ያልቃል። ለዚያ ጊዜ መምህሩ የሮስተር ሥራው ይቅለለት፣ ክፍሉን የሚጠብቅለት ሰው ይመደብለት። ያላነበበው ልጅ አይደግምም፤ በተቃራኒ ፈረቃ ገብቶ በትንሽ ቡድን ፊደሉን ይጨርሳል። በኛ አካባቢ ፈረቃ ስላለ ክፍል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ለመምህሩ የሚከፈል የትርፍ ሰዓት ነው። ብሔራዊ ፈተና ለሚሊዮኖች ለማተም፣ ለማጓጓዝና ለማስጠበቅ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው ውጤቱን ሲያይ የሚያገኘው በየትምህርቱ ያመጣውን ቁጥር ነው፤ ፊዚክስ 31፣ ሒሳብ 28። እኔ እንደ መምህር ከዚህ ምንም አልማርበትም። የትምህርት ቤቴ ተማሪዎች የትኞቹን ጥያቄዎች በብዛት እንደሳቱ፣ ጥያቄዎቹ ከየትኛው ክፍል ከየትኛው ምዕራፍ እንደተወሰዱ ብትነግሩን ግን መስከረም ላይ ከየት እንደምንጀምር እናውቃለን። የመልስ ወረቀቱ በማሽን ስለሚታረም መረጃው እናንተ ዘንድ አለ። የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ያን ዝርዝር ለየትምህርት ቤቱ ላኩልን።